የእናቶቻችን ንቅሳት፦ በጥላሸትና በመርፌ የተጻፈ ታሪክ

በደብረ ማርቆስ ከተማ ለባህልና ለታሪክ ወዳጆች የቀረበ ንግግር

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራት እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ንቅሳት ነው። ንቅሳት ሲነሣ ከመካከላችን ወጣት የሆነው በክንድና በትከሻ ላይ በማሽን የሚሣለውን የዛሬውን ሥዕል ያስብ ይሆናል፤ ዕድሜው የገፋው ደግሞ የእናቱን አንገት፣ የአያቱን ግንባርና በሣቀች ቁጥር ብቅ የሚለውን የጠቆረ ድዷን ያስታውሳል። ሁለቱንም እነካለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ከሁለተኛው ዘንድ ነው። ጎጃም የብራና አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ደብረ ወርቅን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። በዚሁ ምድር ከብራናው ጎን ለጎን ሌላ ጽሑፍ በሴቶች ገላ ላይ ሲጻፍ ኖሯል። ብራናው ቢያንስ በከፊል ተቆጥሯል፣ ፎቶ ተነሥቷል፣ በዝርዝር ሰፍሯል፤ በሴቶቻችን ገላ ላይ የተጻፈው ግን መዝጋቢ ሳያገኝ ከባለቤቶቹ ጋር አፈር እየገባ ነው። የመጣሁት ይህን ለመናገርና፣ እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ልንሠራው የምንችለውን ለማመልከት ነው።

አስቀድሞ ግን ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ፣ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ፣ ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው አስከሬን ተገኘ። በረዶው ቆዳውን ከመበስበስ ጠብቆት ስለ ነበር ተመራማሪዎች ገላውን በልዩ ካሜራ መርምረው 61 የንቅሳት ምልክቶች እንዳሉበት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ አደረጉ። አብዛኞቹ ጎን ለጎን የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ሲሆኑ፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያላቸውም ተገኝተዋል። ትኩረት የሚስበው ግን ያሉበት ቦታ ነው፤ ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱና የእጁ አንጓ፣ ማለትም አጥንቱ በሥራና በዕድሜ የተጎዳበት አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ምልክቶቹ ለጌጥ ሳይሆን ሕመም ለማስታገስ የተደረጉ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ድዳቸውን «እንዲጠነክር» ብለው የተነቀሱ የጎጃም እናቶች ይህን አባባል ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም።

ወደ እኛ ስንቀርብ ግብፅን እናገኛለን። ገበሊን ከሚባለው የላይኛው ግብፅ ሥፍራ የተገኙ፣ ዕድሜያቸው ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አስከሬኖች በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛሉ። ወንዱ ከ100 ዓመት በላይ ለሕዝብ ሲታይ ቆይቷል። በክንዱ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ስንት ተመልካች አየው፤ ስንት ሊቅ አለፈው። እድፍ እንጂ ሌላ የመሰለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ጥናት ግን በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲታይ በክንዱ ላይ የዱር በሬና ቀንዳም የበረሃ በግ ተሥለው ተገኙ፤ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ደግሞ ተደርድረው የወረዱ ጥምዝምዝ መስመሮች ታዩ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጥንታዊት ግብፅ ይነቀሱ የነበሩት ሴቶች ብቻ ናቸው የሚለው አስተያየት የጸና ነበር። ይህን ታሪክ ያመጣሁት ስለ ጥንታዊነቱ ብቻ አይደለም። አንድ ጽሑፍ በሰው ሁሉ ዓይን ፊት ሆኖ አንባቢ ሳያገኝ መቶ ዓመት ሊያልፍ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው፤ እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነውና።

ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሣው ውሃችን በሚያልፍበት በሰሜን ሱዳን፣ በአራተኛው የናይል ፏፏቴ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የአንዲት ሴት አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ሴትየዋ የኖረችው በ700 ዓ.ም. ገደማ፣ ኑቢያ ክርስቲያን በነበረችበት ዘመን ነው። በጭኗ የውስጥ ክፍል ላይ «ሚካኤል» የሚለው ስም የግሪክ ፊደላቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣምረው በአንድ ምልክት ተነቅሷል፤ ከላዩም መስቀል አለበት። በዚያው አገር በጋዛሊ ገዳም መካነ መቃብር ከተቀበሩት የአንዱ ሰው እግር ላይ ደግሞ የክርስቶስ ስም ምልክት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል። እንግዲህ የመላእክት አለቃን ስም በገላ ላይ ይዞ መኖር፣ ከዓባይ ዳርቻ ክርስቲያኖች ዘንድ ቢያንስ የ1,300 ዓመት ታሪክ አለው ማለት ነው። ስለ ኑቢያዋ ሴት ሳስብ፣ ምልክቱ ከልብሷ በታች መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ለሰው ዓይን የተጻፈ አልነበረም።

የግብፅ ኮፕቶች በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል መነቀሳቸው እስከ ዛሬ የዘለቀ ልማድ ነው። ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ይነቀሳሉ፤ ሃይማኖታቸውን የሚመሰክርላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን በርም የሚያስገባቸው ይኸው ምልክት ነው። በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ከግብፅ እንደ መጣ የሚናገረው የራዙክ ቤተሰብ ተሳላሚዎችን ትውልድ ሲቀባበል ሲነቅስ ኖሯል። ሥራው የሚጀመረው በእንጨት ማኅተም ነው፤ ቅርጹ በተቀረጸበት እንጨት ላይ ቀለም ይቀባና ክንድ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ መርፌው ያንኑ ተከትሎ ይሄዳል። ኢየሩሳሌምን መሳለም በእኛ ዘንድ ምን ያህል ክብር እንዳለው ለዚህ ጉባኤ አልነግርም።

ከዚህ ብርሃን ጎን የጨለማ ታሪክም አለ፤ አንዱን ተናግሮ ሌላውን መተው ተገቢ አይሆንም። ሮማውያን ባሪያንና ወንጀለኛን ግንባሩ ላይ ምልክት ያደርጉበት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ316 ባወጣው ሕግ የተፈረደበት ሰው ፊቱ ላይ ምልክት እንዳይደረግበት ከለከለ፤ ምክንያቱም ፊት በሰማያዊው ውበት አምሳል የተፈጠረ ነው የሚል ነበር። እጅና እግር ላይ ግን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. ከ1915 በኋላ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች፣ በወሰዷቸው ቤተሰቦች ልማድ ፊታቸውና እጃቸው ያለ ፈቃዳቸው ተነቅሷል። ናዚዎች በአውሽዊትዝ የእስረኞችን ክንድ በቁጥር ነቅሰዋል። በጃፓን ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1872 ንቅሳትን አግዶ እስከ 1948 ድረስ ሕገ ወጥ አድርጎት ቆይቷል። ስለዚህ ንቅሳት በራሱ ክብርም ውርደትም አይደለም፤ ማን በማን ገላ ላይ፣ በማን ፈቃድ እንደ ጻፈው እየታየ የሚፈረድ ነገር ነው። ይህን ጥያቄ ወደ ቤታችን ስንገባም ይዘነው እንግባ።

በፓስፊክ ደሴቶች በሳሞአ፣ በታሂቲና በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ ንቅሳት የትውልድ ሐረግና የማዕረግ መግለጫ ሆኖ የኖረበትን ሰፊ ታሪክ ለሌላ ጊዜ ልተወው። በአገራችንም ቢሆን የኑዌር ወንዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ግንባራቸው ላይ የሚሰመሩት መስመሮች፣ የሱርማና የሌሎች ሕዝቦች የቆዳ ላይ ጠባሳ ጌጥ፣ ከንቅሳት ጋር የሚዛመዱ ቢሆኑም ቀለም ሳይገባ በመብጣት የሚሠሩ ናቸውና ራሱን የቻለ ንግግር ይገባቸዋል።

ወደ ጎጃም እንመለስ።

እኔ ባደግሁበት በብቸና አካባቢ በልጅነቴ አንገቷ ያልተነቀሰ እናት ማየት ብርቅ ነበር። የአክስቴን አንገት ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ስለ ተመለከትሁት አሁንም እንደ ፊደል ገበታ ዓይኔ ላይ ነው። ከአገጯ ሥር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ የመንጋጋዋን መስመር ተከትለው ትናንሽ መስቀሎች ተደርድረዋል። ከእነርሱ በታች አንገቷን የሚዞሩ መስመሮች አሉ፤ በመስመሮቹ መካከል ነጠብጣብ ሰፍሯል፤ ከፊት ለፊት በኩል ደግሞ እንደ ሐብል ጌጥ ወደ ደረቷ የሚወርድ ዛላ ያለው መስቀል ተንጠልጥሏል። በመንጋጋዋ ላይ ካሉት መስቀሎች አንዷ ጠማማ ናት። ምነው ብዬ ስጠይቃት «እሷ ላይ ስደርስ አላስቻለኝም፤ ዘወር አልሁባት፤ ነቃሿም ‹በቃ የራስሽ ናት፣ ከነጥመቷ ትኑር› አለችኝ» አለችኝ። ቀለሙ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለ ይመስላል እንጂ ጥቁር አይመስልም። ግንባሯ ላይ ያለውን መስቀል ግን ከሻሿ ሥር ነበር የምታኖረው፤ የምናየው ጠጉሯን ስትሠራ ብቻ ነው።

አሠራሩን እንደ ነገረችኝ ላቅርበው። ነቃሿ በገበያ ቀን የምትመጣ ሴት ነበረች። ጥላሸቱ ከኩራዝ ላይ ወይም ከምጣድ ሥር ተፍቆ በጥቂት ውሃ፣ አንዳንዴም በቅጠል ጭማቂ ይበጠበጣል። መጀመሪያ ቅርጹ በስንደዶ ጫፍ ቆዳው ላይ ይሣላል። ከዚያ በክር የታሰሩ መርፌዎች፣ መርፌ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ እሾህ፣ በተሣለው ላይ ቶሎ ቶሎ እየተወጉ ይሄዳሉ፤ ደሙ ይጠረጋል፣ ጥላሸቱ እንደገና ይታሻል። ልጅቱን እናቷ ወይም ታላቅ እህቷ ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ትይዛታለች። ሲያበቃ ቅቤ ይቀባል። ዋጋው አንድ ቁና ጤፍ ነበር። የድድ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ከንፈር ወደ ላይ ተገልብጦ ተይዞ የላይኛው ድድ ከጥርስ ሥር እስከ ጥግ ይወጋል። አፉ አብጦ ስለሚሰነብት ልጅቱ እብጠቱ እስኪቀንስ ድረስ እርጎና አጥሚት ብቻ ትጠጣለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ሐጫ በረዶ የመሰለ ጥርስ ከጠቆረ ድድ ሥር ብልጭ ሲል የሚያየው ሰው ደስ እንዲለው ነው። አንገቱም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አገር ቆንጆ አንገት «አንገተ ብርሌ» ይባላል፤ ንቅሳቱ የተደረገው ያንኑ አንገት ለማሳየት ነበር። ኩል መኳል፣ እንሶስላ መሞቅ፣ ሹሩባ መሠራትና መነቀስ የአንድ ወግ አካላት ነበሩ። ኩሉ ይታጠባል፣ እንሶስላው ይለቃል፣ ሹሩባው ይፈታል፤ አብሮ የሚያረጀው ንቅሳቱ ብቻ ነው።

ለምን ይነቀሱ ነበር ለሚለው ጥያቄ እናቶች የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም፤ አንድ መሆንም የለበትም። አንዷ ለቁንጅና ትላለች። አንዷ ለድድ ሕመም መድኃኒት ነው ትላለች። ሌላዋ መስቀሉ ከቡዳና ከክፉ ዓይን እንደሚጠብቅ ታምናለች። ብዙዎቹ ግን «ክርስቲያን መሆኔ ይታወቅ ብዬ» ይላሉ። ይህ የመጨረሻው መልስ ከማተብ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። ልጅ ክርስትና ሲነሣ አንገቱ ላይ የሚታሰረው ማተብ ክር ነውና ይበጠሳል፤ ክፉ ቀን ከመጣም ሌላ ሰው ሊበጥሰው ይችላል። ግንባር ላይ የተነቀሰ መስቀል ግን ከቆዳው ጋር ካልተገፈፈ አይወጣም። ዘረፋና ባሪያ ፍንገላ በነበረበት ዘመን፣ ልጄ የትም ብትወሰድ ማን እንደ ሆነች ይታወቅ ብላ የምታስብ እናት፣ ከኮፕቷ እናት ጋር ያላት ዝምድና ግልጽ ነው።

አሁን ቀደም ሲል ስለ ብራና ወደ ጀመርሁት ነገር ልመለስ። የጎጃም ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት ነው፤ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር እየቀጠቀጡ፣ እየቀመሙ፣ ለረጅም ጊዜ እያሹ የሚያወጡት ያ ቀለም ዘመናት አልፈውት አይደበዝዝም። ብራናውም የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ፣ ከአንድ ዓይነት ጥላሸት፣ ወንዱ በቆዳ ላይ ዳዊት ጻፈ፤ ሴቷ በቆዳዋ ላይ መስቀል አጻፈች። ሴቷ ፊደል እንድትቆጥር ብዙ ጊዜ አልተፈቀደላትም ነበር፤ የቅኔ ቤቱም በር የተከፈተላት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የእጇ ጥበብ የታየው በስፌቷ፣ በጥልፏና በንቅሳቷ ነው። በሙዳይና በሌማት ስፌት ላይ የምናየው ዚግዛግ፣ በቀሚስ ጥልፍ ላይ የምናየው የመስቀል ሐረግ፣ በእናቶች አንገትና እጅ ላይም ተመልሶ ይገኛል። ይህን ዝምድና የሚያጠና ሰው ከጎጃም መንደሮች ትልቅ ትምህርት ይቀዳል ብዬ አምናለሁ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ያንን የሠሩትን አመሰግናለሁ። በዚያው ዘመን ግን በእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ደጀ ሰላም ተቀምጠው የነበሩት እናቶች አንገት ላይ ያለውን ለመሣል እርሳስ ያነሣ ሰው አላውቅም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዝም ብዬ ባልፍ አግባብ አይሆንም፤ በመካከላችን ሊቃውንት አሉና በአክብሮት እናገራለሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ስለ ሞተ ሰው ገላን መንጨትን፣ መነቀስንም ይከለክላል። በዚህ ቃል መሠረት ንቅሳትን የሚያወግዙ መምህራን ብዙ ናቸው። በእስልምናም ነቃሽንና ተነቃሽን የሚያወግዝ ሐዲስ አለ። በአንጻሩ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 44፣ አንዱ በእጁ «የእግዚአብሔር ነኝ» ብሎ ይጽፋል ሲል እናነባለን፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች የኢየሱስን ምልክት በሥጋዬ ተሸክሜአለሁ ብሏል፤ ምንም እንኳ እርሱ የተናገረው ስለ ተቀበለው መከራ ቢሆንም። ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔ የማየው፣ ቃሉ በመጽሐፍ ተከልክሎ ሳለ የጎጃም እናቶች መስቀሉን በግንባራቸው ይዘው ሲያስቀድሱ፣ ሲቆርቡና ሲቀበሩ የነበሩ መሆናቸውን ነው። ያቺን ግንባር በመስቀል የባረከ ቄስ ስንት ጊዜ መስቀልን በመስቀል ላይ እንዳኖረ መገመት አይከብድም።

ከዚያ ነውሩ መጣ። ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ንቅሳት ከእንጥል ማስቆረጥና ከወተት ጥርስ ማስነቀል ጎን ተደርድሮ ጎጂ ልማድ ተባለ። ከጤና አንጻር ክሱ እውነት ነበረው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ጥፋቱ ግን ልማዱን ከባለቤቲቱ አለመለየት ነበር። ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት ወይም ለሥራ የመጡ ልጆች በግንባራቸው መስቀል የተነሣ «ባላገር» እየተባሉ ተስቆባቸዋል። ሻሽ እስከ ቅንድብ ማሰር፣ ፎቶ ሲነሡ አፍን መሸፈን፣ በፋውንዴሽን መለቅለቅ የመጣው ከዚያ ነው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ «እኔ እንዲህ ሆኜ ከጓደኞችሽ ፊት አልቆምም» ያለች እናት አውቃለሁ። ልጅቱ በብዙ ልመና ይዛት ሄደች። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ያቺ እናት በዘመኗ የአካባቢዋ ሰው የተደነቀበትን ጌጥ እንደ ወንጀል ምልክት እንድትደብቅ ያደረግናት እኛ የተማርነው ነንና።

ስለ ጤናው ግልጽ መሆን አለብኝ። በአንድ መርፌ ብዙ ልጆች በተከታታይ ሲነቀሱ ደም ከደም ይነካካል። የጉበት በሽታ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪም በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ በቆሸሸ መርፌ ደግሞ ቴታነስ ሊይዝ ይችላል። የድድ ንቅሳት የድድን በሽታ አይፈውስም፤ የሚደማ ድድ ያለው ሰው የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ከዚህም በላይ ይነቀሱ የነበሩት ልጆች ናቸው፤ ጉልበት ላይ ተይዛ የምትነቀስ ልጅ ፈቃዷ ተጠይቋል ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ልማዱ በልጆች ላይ እንደ ቀድሞው ይመለስ የሚል ሰው ቢኖር የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። የምጠይቀው የተጻፈው እንዲነበብ ነው።

ቀለሙ ለምን ዕድሜ ልክ እንደሚኖርም ሳይንሱ ደስ የሚል መልስ አለው። የላይኛው ቆዳ በየጊዜው እየተላጠ ይታደሳል፤ መርፌው ግን ቀለሙን የሚያኖረው ከእርሱ በታች ባለው ሽፋን ነው። ሰውነት ጥላሸቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ተከላካይ ሕዋሶቹን ይልካል፤ ሕዋሶቹ ቅንጣቶቹን ይውጧቸዋል፤ ሊያጠፏቸው ግን አይችሉም፤ እንደ ያዟቸው ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀለሙን የያዘው ሕዋስ ሲሞት የሚለቀውን ቅንጣት አዲስ የመጣው ሕዋስ ተቀብሎ እንደሚይዘው አሳይተዋል። የአክስቴ አንገት ጥቁር ሆኖ ተነቅሶ ሰማያዊ የሚመስለውም፣ በላዩ ያለው ቆዳ ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ በትኖ ስለሚመልሰው ነው። ማጥፋት ለሚፈልግ ሰው በሆስፒታል የሚሠራ የሌዘር ሕክምና አለ፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ልምድ ያለው ሐኪም ይፈልጋል፤ አለዚያ የቆዳውን ቀለም ሊያበላሽ ይችላል። በአሲድ ወይም በሚያቃጥል ነገር አጠፋዋለሁ የሚል ሰው መስቀሉን በጠባሳ ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወጣቶችን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ሳሙኤል ኦሬይሊ የተባለ አሜሪካዊ ከኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ተነሥቶ የንቅሳት ማሽን ባለቤትነት መብት ካስመዘገበ ወዲህ ሥራው ፈጥኗል፤ ዛሬም ያ ማሽን ዘሩ በከተሞቻችን አለ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በገላው ላይ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ልቆጣ አልመጣሁም። መርፌው አዲስና በፊቱ የተከፈተ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቁስሉ እየገነነ ትልቅ ጠባሳ የሚሆንበት ሰው ከሆነ ይተወው። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ከኢንተርኔት የማያውቀውን የባዕድ ፊደልና የዘንዶ ሥዕል መርጦ የሚነቀስ ልጅ፣ ከመነቀሱ በፊት አንድ ቀን እናቱ ቤት ሄዶ አንገቷን በደንብ ይይ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ ለፋሲካና ለክረምት ወደ ደጀን፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ እንጅባራ ትመለሳላችሁ። አንድ ደብተርና እርሳስ በቂ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የፊትና የአንገት፣ በሌላው የሁለት እጆች ንድፍ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ከዚያ እናታችሁን ወይም አያታችሁን አስፈቅዳችሁ ያለውን እንዳለ በቦታው በቦታው ሣሉ፤ ነጠብጣቡን ቁጠሩ፤ ጠማማውን አታቅኑ። ቅርጾቹ ስም አላቸው፤ ስማቸውን የምታውቀው የተነቀሰችው ናትና እርሷ እንዳለችው ጻፉ፤ በሌላ መንደር ሌላ ስም ብታገኙ ሁለቱንም ያዙ። የት እንደ ተነቀሰች፣ በስንት ዓመቷ፣ ከማግባቷ በፊት ይሁን በኋላ፣ ነቃሿ ማን እንደ ነበረች፣ ከማን እንደ ተማረች፣ ምን እንደ ተከፈላት፣ ማን እንደ ያዛት ጠይቁ። በአገው ምድር ያላችሁ በአገውኛ ጠይቃችሁ በአገውኛው ጻፉት፤ ወደ አማርኛ መመለሱ በኋላ ይደርሳል።

ፎቶ ማንሣት የምትፈልጉ፣ እናትየዋ እሺ ካላለች ስልካችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። እሺ ብትልም ለቤተሰብ መታሰቢያ የሰጠችውን ፈቃድ ለፌስቡክና ለቲክቶክ እንደ ሰጠችው አትቁጠሩት፤ ለየብቻው ይጠየቃል። ፊቷ ሳይታይ ንቅሳቱን ብቻ ማንሣት ይቻላል። ሥዕሉም ሆነ ፎቶው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ እዚያው ቤቷ ይቅር፤ ሁለተኛውን እዚህ ስታመጡት እንደ ብራናው ዝርዝር ቁጥር ሰጥተን፣ በወረዳና በቀበሌ ለይተን እናስቀምጠዋለን።

በመጨረሻ የምትጠይቁት ጥያቄ፣ ዛሬ ስታየው ምን እንደሚሰማት ነው። አንዳንዷ ትኮራበታለች፤ አንዳንዷ ዕድሜ ልኳን ያዘነችበት ይሆናል፤ «ያለ ፈቃዴ ነው፣ እናቴን ይቅር አላልኋትም» የምትልም ትገኛለች። የዚህችን ቃል አታለሳልሱት፤ እኛን የባህል ወዳጆችን ደስ አያሰኝም ብላችሁም አትዝለሉት። ከመስቀሏ ሥዕል ጎን፣ በራሷ አነጋገር፣ ሙሉውን ጻፉት።